የማይረካው ጥማትና ሐኪሙ ዮሐን ፔተር ፍራንክ

በአዋሽ ሸለቆ ላደገ ሰው ስለ ጥማት መናገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ይቈጠራል። እኛ የአዋሽ ሰባት ኪሎ ልጆች ከደብተራችን ጋር ውሃ የሞላ ጠርሙስ ሳንይዝ ወደ ትምህርት ቤት አንመጣም። አውራ ጐዳናውን ተከትሎ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሠመራ የሚወርድ መንገደኛ ደግሞ የባሰውን ሙቀት ያገኛል፤ በሰኔና በሐምሌ በዚያ ከተማ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሕፃን አብዝቶ ውሃ ቢጠጣ የሚደነቅ የለም። ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ በሚጠማበት አገር ከበሽታ የመጣ ጥማት በጤነኛው ጥማት መካከል ተደብቆ ይኖራል። ይህን የተረዳሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ሠመራ ከምትኖረው ከአክስቴ ቤት ነው።

የአክስቴ የመጨረሻ ልጅ ገና ጡት ሳይተው ጀምሮ ትኩሳት የማይለየው፣ የሚያስመልሰው፣ ሰውነቱም ከእኩዮቹ ያነሰ ሕፃን ነበር። መራመድ ከጀመረ በኋላ ውሃ ካየ አያልፍም፤ ሌሊት አምስት ስድስት ጊዜ እየተነሣ ይጠጣል፤ ፍራሹም ጧት ጧት ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስል ነበር። ከዘመድ አንዱ ልጁ የሚያረጥበው ስለሚጠጣ ነው ብሎ መከረና ከምሽት ጀምሮ ውሃ ተከለከለ። በማግሥቱ ሕፃኑ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዐይኑ ጐድጕዶ፣ እናቱን መለየት ተስኖት ተገኘ። ሆስፒታል ደርሶ ነፍሱ ከተረፈች በኋላ በብዙ ምርመራ የበሽታው ስም ታወቀ፤ ኔፍሮጀኒክ ዲያቤቲስ ኢንሲፒደስ ይባላል። ውሃውን የከለከሉት ሰዎች ልጁን የሚወዱ ነበሩ። የጐደላቸው ፍቅር ሳይሆን ዕውቀት ነበር። የዚህን ረዥም ስም ምንጭ ስፈልግ ዛሬ ታሪኩን ከምጽፍለት ሰው ጋር በመጻሕፍት ላይ ተገናኘሁ።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ። ዮሐን ፔተር ፍራንክ፣ በእኛ አጠራር ዮሐንስ ጴጥሮስ እንደ ማለት ነው፣ በ1745 ዓ.ም. ማርች 19 ቀን በጀርመን አገር ሮዳልበን በምትባል ትንሽ ስፍራ ተወለደ። በዚያ ዘመን በእኛ አገር ዳግማዊ ዐፄ ኢያሱ ከእናታቸው ከእቴጌ ምንትዋብ ጋር በጐንደር ይገዙ ነበር። ጀርመንም እንደ ዛሬው አንድ መንግሥት ሳትሆን በብዙ መሳፍንትና ጳጳሳት ተከፋፍላ ትተዳደር ነበር። የሕክምና ጥበብ ገና ሕፃን ነበረ። በሽታ በዐይን በማይታዩ ተሕዋስያን እንደሚተላለፍ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሐኪሞቹም ደም ማፍሰስንና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣትን እንደ ዋና ፈውስ ይቈጥሩት ነበር። ፈንጣጣ በየመንደሩ ሕፃናትን ይፈጅ ነበር፤ ብዙ እናቶችም በወሊድ ላይ ይሞቱ ነበር።

ፍራንክ በሃይደልበርግና በስትራስቡርግ ተምሮ በ1766 ገና በ21 ዓመቱ የሐኪምነት ማዕርግ ተቀበለ። ከተማሪነቱ ጀምሮ አንድ ሐሳብ በልቡ ይመላለስ ነበር። ሐኪም በአንድ ቤት የአንዱን ሰው ትኩሳት ቢያበርድ፣ ያ ሰው የሚጠጣው ውሃ ቈሻሻ፣ የሚኖርበት ቤት ጨለማና እርጥበት፣ የሚበላው እህል የተበላሸ ከሆነ በሽታው ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ብቻውን የማይደርስበት የበሽታ ምክንያት አለ፤ እርሱንም ማስወገድ የሚችለው አገር የሚያስተዳድረው መንግሥት ነው ብሎ አሰበ። ዛሬ ይህ ሐሳብ ለማንኛችንም ግልጽ ነው። በዚያን ጊዜ ግን በሽታን የየሰው ዕድል አድርጎ መቀበል የተለመደ ስለ ነበረ፣ የነገሥታትን ተግባር ከሕዝብ ጤና ጋር ማያያዝ አዲስ ነገር ነበር።

ከትምህርቱ በኋላ በባደን መስፍን ቤት፣ ቀጥሎም ብሩክዛል በምትባል ከተማ ተቀምጦ ይገዛ ለነበረው ለሽፓየር ጳጳስ ሐኪም ሆኖ አገለገለ። በዚያም ሐሳቡን በወረቀት ላይ ብቻ አላስቀረውም። እናቶች በወሊድ የሚሞቱት በአብዛኛው አዋላጆቹ ትምህርት ስለሌላቸው መሆኑን ተመልክቶ የአዋላጆች ትምህርት ቤት አቋቋመ። ከዚህ ጋር ሌሊት ሌሊት ታላቁን መጽሐፉን ይጽፍ ነበር። በ1779 የመጀመሪያው ክፍል ታተመ፤ ስሙም በእኛ ቋንቋ የተሟላ የሕክምና ፖሊስ ሥርዓት እንደ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ፖሊስ ማለት ሌባ የሚይዝ ዘበኛ ሳይሆን የአገር አስተዳደር ሥራ ሁሉ ነበር። መጽሐፉ ስለ ጋብቻና ስለ እርግዝና ጀምሮ፣ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፣ ስለ ተማሪዎች ጤና፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ቤት አሠራርና ስለ ቈሻሻ ማስወገድ፣ እስከ መቃብር ቦታ ድረስ ይናገራል። ሥራው የእድሜ ልክ ስለ ሆነ የመጨረሻው ክፍል የታተመው እርሱ ከሞተ በኋላ በ1827 ነው።

ሰው እንደ መሆኑ ጕድለትም ነበረው። ፍራንክ ከሕዝቡ ፈቃድ ይልቅ በገዢው ትእዛዝ ያምን ነበር፤ አንዳንዶቹም ሕጎቹ የሰውን የግል ኑሮ እጅግ የሚያጣብቡ ነበሩ። ቢሆንም የድኻው ጤና የመንግሥት ዕዳ መሆኑን አሳምሮ የጻፈ ሰው ከእርሱ በፊት በአውሮፓ በቀላሉ አይገኝም።

በ1784 በጐቲንገን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ በሚከተለው ዓመት ደግሞ ወደ ኢጣሊያ ሄዶ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ሆነ። ሎምባርዲያ የሚባለው ያ ክፍለ ሀገር በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ መንግሥት ሥር ነበር፤ ፍራንክም ከመምህርነቱ በላይ የክፍለ ሀገሩን የጤና ሥራ ሁሉ እንዲመራ ተሾመ። ሆስፒታሎችንና የመድኃኒት ቤቶችን እየዞረ ተቈጣጠረ። በመንገዱም ለም መሬት የሚያርሱ ገበሬዎች ራሳቸው ተርበው፣ ልጆቻቸውም ቀጭጨው አየ። በ1790 ለተመራቂዎች ባደረገው ንግግር የሕዝብ ድኽነት የበሽታዎች እናት መሆኑን በግልጽ አስረዳ። ተሰብሳቢዎቹ ወጣት ሐኪሞችና የከተማው መኳንንት ነበሩ። እንዲህ ያለውን ቃል በመሳፍንት አገር በአደባባይ መናገር ድፍረት የሚጠይቅ ነበር።

ወደ ዛሬው ጕዳያችን የሚያደርሰን ሥራውም የዚሁ የፓቪያ ዘመን ፍሬ ነው። ዲያቤቲስ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን አሳልፎ የሚያፈስስ ማለት ነው፤ የጥንት ሐኪሞች አብዝቶ የሚጠጣንና አብዝቶ የሚሸናን ሰው ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ የእነዚህ ሕሙማን ሽንት እንደ ማር የሚጣፍጥ መሆኑን ጻፈ። በ1776 ደግሞ ማቲው ዶብሰን የሚጣፍጠው ነገር ስኳር መሆኑን አሳየ። ሆኖም ሽንታቸው ጣፋጭ ያልሆነ ሕሙማን ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊሊያም ከለን ይህን ልዩነት ጠቅሶት ነበር። ፍራንክ ግን በ1794 በላቲን ቋንቋ ባሳተመው የበሽታዎች ሕክምና መጽሐፍ ሁለቱን ለይቶ አስቀመጠ፤ ለረዥም ጊዜ የሚቈይ፣ መጠኑ የበዛ፣ ነገር ግን ስኳር የሌለበት ሽንት ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን ገለጸ። ኢንሲፒደስ ማለት ጣዕም የለሽ ማለት ነው።

ይህ ሥራ ለተራ ሰው ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ሁለት በሽታዎች በአንድ ስም እስከ ተጠሩ ድረስ ለአንዱ የሚሆነው መድኃኒት ለሌላው ይሰጣል። ዛሬም ቢሆን አብዝቶ የሚጠማ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመረመረው ስኳር ነው፤ የስኳር በሽታ እጅግ የበዛ፣ ይህኛው ግን ብርቅ ስለ ሆነ ሥርዓቱ ትክክል ነው። ስኳር ከሌለ ግን ሕመምተኛውን ደኅና ነህ ብሎ መስደድ አይገባም። ፍራንክ ያስተማረን ከዚያ በኋላ ያለውን ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ነው።

በ1795 ወደ ቪየና ተጠርቶ የዚያ ታላቅ ከተማ የጠቅላላው ሆስፒታል ዋና ሹም ሆነ። በዚያም የሆስፒታሉ መዝገብ በትክክል እንዲያዝ፣ የገባውም የዳነውም የሞተውም እንዲጻፍ አጥብቆ ያዝዝ ነበር። እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1847፣ በዚያው ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ሴመልቫይስ እናቶች በወሊድ ትኩሳት የሚያልቁት ሐኪሞቹ እጃቸውን ስለማይታጠቡ መሆኑን ያስረዳው የወላዶችንና የሞቱትን ቍጥር ከመዝገብ አመዛዝኖ ነው። የአፋር ሰው ዳጉ በሚባለው ባህሉ መንገድ ላይ ሲገናኝ ስለ ውሃው፣ ስለ ሣሩ፣ ስለ ሰዉና ስለ ከብቱ ደኅንነት ሳይጣደፍ ይጠይቃል፤ የሰማውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ፍራንክም ሐኪሞች ይህን በጽሑፍ እንዲያደርጉት ይፈልግ ነበር ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም።

በቪየና ከታከሙለት ሰዎች አንዱ የዜማ ሊቅ የነበረው ሉድቪግ ፋን ቤትሆቨን ነው። ቤትሆቨን ገና በወጣትነቱ ጆሮው መደንቈር ጀምሮ ነበር። ፍራንክ ለሰውነቱ የሚያበረታ መድኃኒት፣ ለጆሮውም የለውዝ ዘይት ሰጠው። ሕሙሙ ግን በ1801 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ይህ ሁሉ እንዳልረዳው ገለጸ። ትልቅ ሐኪም እንኳ ዘመኑ ያልሰጠውን ዕውቀት ከራሱ ሊያመጣ አይችልም። ድምፅ እየመጣ ጆሮው የማይቀበልበትን ምክንያት በዚያን ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ስለ ኩላሊት ስናገር እመለስበታለሁ።

በቪየና ቤተ መንግሥት ተቀናቃኞች ስለ በዙበት ፍራንክ በ1804 ወደ ቪልና ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በሚከተለውም ዓመት ወደ ሩሲያ ተጠርቶ በሴንት ፒተርስበርግ የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ አሌክሳንደር ሐኪም ሆነ። በ1808 ግን ወደ ቪየና ተመለሰ። ልጁ ዮሴፍ ፍራንክም የአባቱን ፈለግ ተከትሎ የታወቀ ሐኪም ሆኖ ነበር። አባቱ የቀረውን ዘመኑን በመጻፍና ሕሙማንን በመርዳት አሳልፎ በ1821 ዓ.ም. ኤፕሪል 24 ቀን በ76 ዓመቱ ዐረፈ።

የሰውየው እድሜ እዚህ ላይ ቢያበቃም የጀመረው ጥያቄ አላበቃም። ፍራንክ ይህ ጣዕም የለሽ በሽታ ከኩላሊት መታመም የመጣ አይደለም ብሎ ነበር። ለብዙዎቹ ሕሙማን እውነቱን ነው። በ1913 በጀርመንና በኢጣሊያ የነበሩ ሐኪሞች ከአንጐል ሥር ከሚገኘው ከፒቱታሪ ዕጢ የኋላ ክፍል የተጨመቀ ፈሳሽ ለሕሙማኑ ቢወጉላቸው ሽንታቸው ወዲያው ቀነሰ። የጐደለው ከአንጐል የሚመጣ ሆርሞን መሆኑ ታወቀ፤ ስሙ ቬሶፕሬሲን ነው። ይህንና መሰሉን ሆርሞን አጥንቶ በላቦራቶሪ የሠራው አሜሪካዊው ቪንሰንት ዱ ቪኞ በ1955 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ነገር ግን ሆርሞኑ ቢሰጣቸውም የማይሻላቸው ሕፃናት ተገኙ። ቀድሞም በ1892 አንድ ሐኪም በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ በሽታው ወንዶችን እየያዘ በሴቶች በኩል እንደሚተላለፍ ጽፎ ነበር። በ1947 ለዚህኛው ዐይነት ኔፍሮጀኒክ የሚል ስም ወጣለት፤ ከኩላሊት የመነጨ ማለት ነው። ስለዚህ ፍራንክ አንድ ያደረገው ጣዕም የለሽ በሽታ ራሱ እንደገና ሁለት ሆነ።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ላስረዳ። የአንድ ጤነኛ ሰው ኩላሊቶች በአንድ ቀን ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ይህም ባለ 20 ሊትር ዘጠኝ ጀሪካን ነው። ከዚህ ውስጥ በሽንት የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ያህል ሲሆን የቀረው ሁሉ ወደ ደም ይመለሳል። ሰውነት ውሃ ሲያንሰው አንጐል ቬሶፕሬሲንን ይልካል። መልእክቱም በኩላሊት ቱቦዎች መጨረሻ ላይ ባለው መቀበያ ላይ ያርፋል፤ ያን ጊዜ አኳፖሪን የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ በሮች ይከፈታሉ፤ ውሃውም በእነርሱ በኩል ወደ ሰውነት ይመለሳል። ግመል በበረሃ ብዙ ቀን የሚታገሠው፣ በአዋሽ ፓርክ የሚገኘው ሳላም በዚያ ደረቅ ሜዳ የሚኖረው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ኩላሊታቸው ውሃን አጥብቆ ስለሚቈጥብ ነው። በኔፍሮጀኒክ ዲያቤቲስ ኢንሲፒደስ ግን መልእክቱ ይመጣል፤ ኩላሊቱ አይሰማም። የቤትሆቨንን ጆሮ ያነሣሁት ስለዚህ ነው። ድምፁ አልጠፋም፤ የጠፋው የሚሰማው ነው። በሮቹ ሳይከፈቱ ይቀራሉና ውሃው ሁሉ እንደ ገባ ይፈስሳል። ሕመምተኛው የሚሸናው ስለሚጠጣ ሳይሆን የሚጠጣው ስለሚሸና ነው። የአክስቴ ቤተ ሰቦች የተሳሳቱት ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው በማየታቸው ነበር።

ምክንያቶቹ ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው በዘር የሚመጣው ነው። በዘር ከሚመጣባቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የሆርሞኑ መቀበያ ጂን የተበላሸባቸው ናቸው፤ ይህም ጂን በ1992 ታወቀ። ጂኑ ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ በአብዛኛው የሚታመሙት ወንዶች ልጆች ሲሆኑ እናቶች ሳይታመሙ ሊያስተላልፉት ይችላሉ። በቀሩት ላይ የተበላሸው የውሃው በር ራሱ ነው፤ ይህኛው ወንድንም ሴትንም ይይዛል። የውሃ በሮችን መኖር ያገኘው አሜሪካዊው ፒተር አግሬ በ2003 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል። ሁለተኛው ወገን ከተወለዱ በኋላ የሚመጣ ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም ለረዥም ጊዜ ሲወሰድ፣ በደም ውስጥ ካልሲየም ሲበዛ፣ ፖታሲየም ሲያንስ፣ የሽንት መንገድ ለብዙ ጊዜ ሲዘጋ ኩላሊቱ መልእክቱን መስማት ይሳነዋል። ለካላ አዛር በሽታ የሚሰጠው አምፎቴሪሲንም አንዳንድ ጊዜ ይህን ያመጣል። እነዚህ መድኃኒቶች ነፍስ የሚያድኑ ስለ ሆኑ ማንም በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጣቸው አደራ እላለሁ፤ ጥማቱንና ሽንቱን ለሐኪሙ መንገር ይበቃል። ምክንያቱ ቶሎ ከታወቀና ከተወገደ ብዙዎች ይሻላቸዋል።

ሐኪሞች በሽታውን የሚለዩት የሽንቱን መጠን ለክተው፣ ስኳር አለመኖሩን አረጋግጠው፣ በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም መርምረው ነው። ከዚያም በሆስፒታል፣ በቅርብ ጥበቃ፣ ውሃ ለተወሰነ ሰዓት ይከለከልና ዴስሞፕሬሲን የሚባል ሆርሞኑን የሚመስል መድኃኒት ይሰጣል። ሽንቱ ከወፈረ የጐደለው የአንጐሉ መልእክት ነው፤ እንደ ቀጠነ ከቀረ ኩላሊቱ ነው። ይህ ምርመራ በቤት ውስጥ ፈጽሞ የሚሞከር አይደለም። በ2022 ዓለም አቀፍ የሐኪሞች ማኅበራት የበሽታውን ስም ወደ ቬሶፕሬሲን መቋቋም እንዲለወጥ መከሩ። ዲያቤቲስ የሚለውን ቃል የሰሙ የሆስፒታል ሠራተኞች ከስኳር በሽታ ጋር እያምታቱ ሕሙማን ስለ ተጐዱ ነው። ፍራንክ በ1794 የለየውን ነገር ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ መልሰው ያደባልቁታል ማለት ነው።

ስለ ሕክምናው ዋናው መድኃኒት ውሃ ነው። ሕመምተኛው ቀንም ሌሊትም ሳይከለከል መጠጣት አለበት፤ መናገር የማይችል ሕፃንም በየሰዓቱ እንዲጠጣ ይደረጋል። ሁለተኛው ጨው መቀነስ ነው። ኩላሊቱ ጨው ለማስወጣት ውሃ ስለሚያፈስስ፣ ጨው ሲያንስ ሽንትም ያንሳል። የአገራችን ጨው በብዛት ከአፋር ከአፍዴራ ሐይቅ የሚወጣ ሲሆን፣ ይህ የአፋር ሕፃን ግን ከእርሱ መራቅ ግድ ሆኖበታል። ሦስተኛው ክኒን ነው። በ1959 ክሮፎርድና ኬኔዲ የተባሉ ሐኪሞች ሽንት የሚያስሸናው የታያዛይድ መድኃኒት የእነዚህን ሕሙማን ሽንት እንደሚቀንስ አሳዩ። ነገሩ ተቃራኒ ይመስላል፤ ምክንያቱ ግን መድኃኒቱ ጥቂት ጨው ከሰውነት ስለሚያስወጣ የኩላሊቱ የመጀመሪያ ክፍል ጨውንና ውሃን አጥብቆ ይይዛል፤ ወደ ተበላሸው ክፍል የሚደርሰውም ውሃ ያንሳል። ከእርሱ ጋር አሚሎራይድ ወይም ኢንዶሜታሲን ሐኪም እያየ ሊጨምር ይችላል። በዘር የመጣውን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት ግን የለም። ልጁ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ቶሎ ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። የበሽታውም ስም የተጻፈበት ወረቀት ከእርሱ መለየት የለበትም። ለሌላው ሰው የሚጠቅመው ጨው ያለበት ጕሉኮስ አልባ ፈሳሽ በደም ሥሩ ብዙ ቢሰጠው የደሙን ሶዲየም ሊያንረው ይችላልና ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

እዚህ ላይ የፍራንክ ሕይወት ሁለቱ ወገኖች አንድ ላይ ይገናኛሉ። በሽታውን የለየው ፍራንክና ስለ ከተማ ውሃ ሕግ የጻፈው ፍራንክ አንድ ሰው ናቸው። የአክስቴ ልጅ በሽታ ያለው በኩላሊቱ ውስጥ ነው፤ መኖሩና መሞቱ ግን በቧንቧው ላይ ነው። በሠመራ ውሃ አንድ ቀን ቢቋረጥ ጐረቤቱ ይቸገራል፤ ለዚህ ሕፃን ግን መድኃኒቱ ተቋረጠ ማለት ነው። ስለዚህ አክስቴ በቤቷ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት የሞሉ ጀሪካኖች ታስቀምጣለች፤ ከእነርሱም ለሌላ ሥራ የሚቀዳ የለም። አዋሽ በሸዋ ደጋ ተነሥቶ ሸለቆአችንን ካጠጣ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በዚህ ወንዝ ዳር የሚኖር ሕዝብ ንጹሕ ውሃ በየቤቱ ቢያገኝ ስንቱ በሽታ እንደሚቀር ፍራንክ ቢጠየቅ ለመልሱ ብዙ የሚያስብ አይመስለኝም።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልጨምር። ከሐኪሙ እንደ ተረዳነው አክስቴ ያንን ጂን የያዘች ናት። አያቴ ይዘውት ከነበረ እናቴም የመያዟ ዕድል እኩል በእኩል ነው፤ የእኔ ደግሞ ከአራት አንድ ነው። ሴት ልጅ ነኝና ሳልታመም ለልጄ ላስተላልፈው እችላለሁ። ይህን ያወቅሁ ዕለት እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬ ግን ፈርቼ ከመደበቅ አውቄ መዘጋጀት እንደሚሻል አምናለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና ይህን ጽሑፍ በስሜ አወጣሁት። አክስቴም በልጇ ሕመም ላይ ጥፋተኛ አይደለችም፤ ማንም ሰው ጂኑን መርጦ አይወለድም።

የአክስቴ ልጅ አሁን አንደኛ ክፍል ገብቷል። በአንገቱ የውሃ ጠርሙስ ተንጠልጥሏል፤ በቀን ብዙ ጊዜ እየተነሣ ይወጣል። የተከበራችሁ መምህራን፣ ከተማሪዎቻችሁ መካከል ውሃ ደጋግሞ የሚለምንና ደጋግሞ የሚወጣ ልጅ ቢኖር ሰነፍ ነው ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት ወላጆቹን ጠይቁ። ወላጆች ሆይ፣ ሌሊት የሚያረጥብን ልጅ ውሃ አትከልክሉት፤ የሚጠጣውንና የሚሸናውን ለክታችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ጓደኞቼ ሆይ፣ ከመካከላችን ሐኪም የሚሆን ቢገኝ ስኳር የለም በሚለው መልስ ላይ አይቁም፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ይጠይቅ። ዮሐን ፔተር ፍራንክ አዋሽንም ሠመራንም አላያቸውም። ነገር ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ የሚመስሉትን ሁለት ነገሮች ለይቶ በመጻፉ ዛሬ በሠመራ አንድ ሕፃን ውሃውን ሳይከለከል ይጠጣል።